ዝምተኛው ሉላሽ ድንጋይ የተሸከመበት ሰሞን

ሉላሽ ኡካይ በሰባ ስድስት ዓመቱ አርፎ መቀመጥ አቃተው። ከረቡዕ ጠዋት ጀምሮ ወንበር ላይ አረፍ ሲል የሆነ ነገር እንደ ቆረቆረው ሁሉ ብድግ ይላል፤ ከበረንዳው ወደ በረት፣ ከበረቱ ወደ አጥር፣ ከአጥሩ ተመልሶ ደግሞ በረንዳው ላይ ነው። ሚስቱ ድራኔ ባቄላ እየፈለፈለች በዓይኗ ትከተለዋለች። ምን ሆንክ አላለችውም። አርባ ሰባት ዓመት አብራው ስትኖር ምን ሆንክ ብላው መልስ ያገኘችበትን ቀን አታስታውስም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመንደራችን በላይ ሱካ የሚባል ድንጋያማ ተዳፋት አለ። እህል አያበቅል፣ ከብት አያጠግብ፤ ሸርበል ግን ሞልቶበታል። ሸርበል ያ ቅጠሉ አመድማና ጠጉራም፣ ሲያሹት ሽታው እጅ ላይ የሚሰነብት፣ ለጉሮሮም ለድድም ለሆድም ቀቅለን የምንጠጣው ቁጥቋጦ ነው። ድሮ የሱካ ግማሹ የእኛ የኡካዮች፣ ግማሹ የሊካዮች ነበር። ኋላ መንግሥት ተራራውን ጠቅልሎ የማኅበር አደረገውና የወሰን ድንጋዮቹን አስነቅሎ የበግ ጉረኖ ሠራባቸው። ከዚያ ወዲህ ሱካን የኔ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ያ መንግሥት በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ግን የሽኮድራ ከተማ ነጋዴዎች የጭነት መኪና ይዘው ሸርበል ሊገዙ ብቅ ሲሉ ሁለቱም ወገን ወሰኑ ትዝ አለው። ችግሩ፣ ለአንዱ ትዝ ያለው ወሰንና ለሌላው ትዝ ያለው በመቶ እርምጃ መራራቃቸው ነው።

በፀደዩ የሉላሽ የወንድም ልጅ ኮላና የሊካዮቹ ፕሬላ እዚያው ተዳፋቱ ላይ ማጭድ ተማዘዙ። ሰው መሀል ገብቶ አላቀቃቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ገላጋይ እንደማይደርስ ሁላችንም አውቀነዋል፤ አንድ ሰው ከሞተ ደግሞ ነገሩ በአንድ ሰው እንደማያቆም የማያውቅ የለም።

ወሰን የጠፋ እንደሆነ እኛ ዘንድ መላው አንድ ነው። ወሰኑ ሲተከል በቦታው የነበረ ሽማግሌ፣ ድንጋይና ጓል አፈር ትከሻው ላይ አስቀምጦ፣ በሁለቱም ወገን ፊት ይሄድበታል። እግሩ የረገጠው ወሰን ይሆናል። ከዋሸ ያንኑ ድንጋይ በወዲያኛው ዓለም እስከ ዘላለም ሲሸከም ይኖራል። ሉላሽ ከሃምሳ ስድስት ዓመት በፊት፣ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ለምስክርነት ተወስዶ ነበር። ለምስክርነት ጎረምሳ የሚጨመረው ረጅም ዕድሜ እንዲያስታውስ ነው። ከዚያ ቀን ሰዎች ሁሉ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ሊካዮች እንኳ ሳይቀሩ፣ «ሉላሽ ይሂድበት፤ እሱ ከረገጠው አንወጣም» ብለው እሺ አሉ፤ ቀኑም ለእሑድ ተቆረጠ። ለቃላቸው መያዣ ኮላ የእጅ ሰዓቱን፣ ፕሬላ የብር የትምባሆ ቆርቆሮውን አስረከቡት። ሉላሽ ሁለቱንም ቁም ሣጥን ውስጥ አስገባቸው። ከረቡዕ ጀምሮ የሰዓቷ ድምፅ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ ይሰማዋል።

ማንም የማያውቀው ግን አንድ ነገር አለ። ያን ቀን ሉላሽ ሳይበስል የተለቀመ ፕለም ሆዱ እስኪነፋ በልቶ ነበር የሄደው። የዚያን ጊዜው ሽማግሌ ድንጋዩን ተሸክሞ ወሰኑን ሲሄድ፣ ለሃምሳ ዓመት እንዲያስታውስ የተመረጠው ምስክር ከቋጥኝ ጀርባ ሆዱን ይዞ ቁጢጥ ብሏል። ሲመለስ ሁሉም አልቆ ሰዎቹ አረቄ ይጠጣሉ፣ በግ ይገፈፋል። የት ነበርክ ያለው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረ።

ታዲያ ይህን ሰው ጠላት ሳይቀር እንዴት አመነው? ቃል ነው ጉዱ። በእኛ ቋንቋ ዝም የሚል፣ ሰው ደጅ ድንጋይ የማይወረውር፣ ቁጭ በል ሲሉት ቁጭ የሚል ልጅ «ኡርት» ይባላል። ያው ቃል ሽበት ባለው ሰው ላይ ሲወድቅ አስተዋይ፣ ጥበበኛ ማለት ይሆናል። ሉላሽን በልጅነቱ ኡርት አሉት። እሱ ምንም ሳይጨምርበት አረጀ፤ ቃሉ ግን አብሮት አደገና አንቱ አስባለው። ሸንጎ ላይ ሰው ሲጯጯህ እሱ ጢሙን ይዞ ዝም ይላል። በመጨረሻ «እስቲ ሳምንት እንየው» ይላል። በሳምንቱ ሰው ንዴቱ በርዶለት ይታረቃል። አልዋሽም፣ በዚህ ዓይነት ብዙ ጠብ አብርዷል። ዝም የሚለው ግን የሚለው ስለሌለው ነበር፤ ይህን የሚያውቁት እሱና ድራኔ ብቻ ናቸው።

ሐሙስ ማለዳ ኮላ መጣ። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ ለሸርበል ማድረቂያ ብሎ የጀመረው መጋዘን ጣሪያው ብቻ ቀርቶታል።

«ዕድሜዎ ይርዘም አጎቴ።»

«ያንተም ይርዘም።»

«እኔ እንኳ ልጠይቅዎት አልመጣሁም» አለ ኮላ ቆቡን እያሻሸ። «ግን ከነጩ ቋጥኝ ሥር ነው አይደል? አባቴ ሁልጊዜ ነጩ ቋጥኝ ይል ነበር።»

ነጩ ቋጥኝ ይሆን? ሉላሽ ለማስታወስ ፊቱን ቋጠረ። ትዝ የሚለው የፕለሙ መራራ ጣዕም ብቻ ነው። ኮላ ግን ያንን ፊት እንደ ግሣጼ ወሰደው።

«እሺ፣ እሺ፣ አይቆጡ። አልጠየቅኩም» ብሎ ወደ ኋላው እያየ ወጣ።

እሱ እንደ ወጣ ሉላሽ ምርኩዙን አንሥቶ ወደ ሊካዮች ሰፈር ወረደ። ፕሬላ ደጁ ላይ የበቅሎ ጭነት ገመድ ይጠግናል። ግዙፍ ሰው ነው፤ ሲስቅ ትከሻው ይነቃነቃል። አረቄና ዓይብ አቀረበለት፤ ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ፍየሎች አወሩ። ሉላሽ እንደ ዋዛ አድርጎ ጣል አደረጋት።

«ለመሆኑ አንተ ወሰኑ የት ይመስልሃል?»

ፕሬላ ገመዱን ጭኑ ላይ አኖረና ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ። «ኧረ ሉላሽ፣ እኔን ልትፈትን ነው እዚህ ድረስ የመጣኸው? ስንት የእግር መንገድ፣ በዚህ ዕድሜህ?»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩህ።»

«አንተ እንዲያው ጠይቀህ ታውቃለህ? ብዋሽ ከዓይኔ ልታነብብኝ ነው። ከአፌ አንዲት ቃል አታገኝም። አንተ የምታውቀውን ታውቃለህ፣ እሑድ ትሄድበታለህ፣ በቃ።» ከዚያ ፊቱ ከበድ አለ። «ይኼ ቅጠል ስሙ ራሱ አሳባቂ ነው። ሸር ማለት ጠብ፣ በል ደግሞ ያው በላ፣ መከራ ማለት። አባቶቻችን አውቀው ነው ሸርበል ያሉት። እኔ ልጆቼን ልቀብርበት አልፈልግም፤ ለዚህ ነው አንተን ያመንኩህ።»

ሉላሽ ወደ ቤቱ ሲመለስ ዳገቱ ሁለት እጥፍ ሆነበት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእግሩ ተጉዞ ሸለቆው ውስጥ ወደሚኖሩት ወደ ጡረተኛው መምህር ዜፍ ሄደ። ዜፍ በጉብዝናቸው ከቄሶች ዘንድ ላቲን ተምረው፣ በዚያው ላቲናቸው ሳቢያ ቄሶችን በማይወደው በወደቀው መንግሥት ስድስት ዓመት ታስረው የወጡ ሰው ናቸው። የድሮ ካርታም ወረቀትም ያከማቻሉ ይባላል። ሉላሽ ካርታውን ነበር የፈለገው። መምህሩ ካርታ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ቃል ነው። ሰው ደጃቸውን ከረገጠ ደግሞ ቃል ሳያስቀምሱ አይለቁም።

«ሸርበል!» አሉ እጃቸውን እያፋተጉ። «ሮማውያን ምን ይሉት እንደነበር ታውቃለህ? ማዳን፣ ጤና መስጠት ከሚለው ቃል ነው ስሙን ያወጡለት። አዳኙ ቅጠል እንደ ማለት ነው። የሚገርምህ ደግሞ እንግሊዞች ዘንድ ይኸው ቅጠልና ጥበበኛ ሰው በአንድ ስም ይጠራሉ። አንተን በእነሱ ቋንቋ ጥበበኛው ብለው ቢጠሩህ ሱካ ሙሉ ቁጥቋጦ አቤት ይላል ማለት ነው።»

ሉላሽ ሳቀ ለማለት ያህል ጢሙን ነካ አደረገ። «ታዲያ ጥበበኛው ነው ከቅጠሉ የመጣው፣ ወይስ ቅጠሉ ከጥበበኛው?»

«አንዱም ከአንዱ አልመጣም። ቃሎቹ ባዕዳን ናቸው፤ ኋላ እየተሸራረፉ ነው የተመሳሰሉት። የቅጠሉ፣ እንዳልኩህ፣ ከማዳን ነው። የጥበበኛው ከመቅመስ ነው።»

«ከመቅመስ?»

«መቅመስ። ምላስህ ላይ አድርገህ ጨዉን፣ ምሬቱን መለየት። ለሮማውያን የሚያውቅ ሰው ማለት በመጀመሪያ የቀመሰ ሰው ማለት ነበር። የሰማ አይደለም፣ የተባለለት አይደለም። የቀመሰ።» መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «ለአንተ መቼም ይህን መንገር ለባሕር ውኃ መሸጥ ነው።»

ሉላሽ ባርኔጣውን አንሥቶ ሳይሰናበት ሊወጣ ምንም አልቀረው። መንገዱን ሁሉ ያ ቃል እንደ ድንጋይ ጫማው ውስጥ ገብቶ ተመላለሰበት። እኔ ምን ቀመስኩ? ፕለም። ሌላ የቀመስኩት ነገር ምን አለ? የተባለልኝን ሰማሁ፣ የተባለልኝን ለበስኩ፣ በዚያው አረጀሁ። ተቆጣ፤ መጀመሪያ በመምህሩ፣ ቀጥሎ በሟች አባቱ፣ ከዚያ በራሱ።

ቅዳሜ ብቻውን ሱካ ላይ ዋለ። ጎንበስ ቀና እያለ የድሮ ድንጋይ ፈለገ፤ ያገኘው የፍየል በጠጥ ነው። ነጩ ቋጥኝ ሥር ቆሞ ቢያይ ያም ወሰን ይመስላል፤ ሊካዮች ገና ጠቡ ሲጀመር የጠቀሱት የደረቀ ወንዝ ዳር ቆሞ ቢያይ ያም ይመስላል። አሞኛል ብዬ ልተኛ እንዴ አለ። ተኝቶስ? እነሱ ማጭዳቸውን ስለው ይጠብቁታል። ዝም ብዬ መሀል ለመሀል ልሂድስ? ያ ድንጋይ ከትከሻው እስከ ዘላለም አይወርድም።

ሲመለስ ድራኔ ማጭዷን በድንጋይ ትስላለች። እሑድ ፍርዱ እንዳለቀ አጨዳው ስለሚጀመር የሁለቱም ወገን ሴቶች የቅጠል መቋጠሪያ አንሶላና ማጭዳቸውን ይዘው እንዲወጡ ተነግሯል።

«ነገ ወፍራሙን ካልሲ አድርግ» አለችው። «እዚያ ላይ እሾሁ ክፉ ነው።»

«እሺ» አለ፤ ተነሥቶም ወደ አጥሩ ሄደ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድሳ የምንሆን ሰዎች ሱካ አናት ላይ ተሰበሰብን። ኡካዮች በአንድ ወገን፣ ሊካዮች በሌላው። ወንዶቹ ማጭድ እንዳይዙ ተስማምተው ነበር፤ ግን የስንቱ ወገብ ጉብ ጉብ እንዳለ ማየት አያቅትም። ፕሬላ ራሱ ድንጋዩን አንሥቶ፣ ኮላ ጓሉን ጨምሮ፣ በሽማግሌው ቀኝ ትከሻ ላይ አኖሩለት። ሉላሽ እንደ ሥርዓቱ፣ «ከምሄድበት ብዋሽ ይህ ሸክም ከነፍሴ አይውረድ» አለ። ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ከእርጅና ነው ብሎ አዘነለት።

አንድ እርምጃ ሄደ። ሁለት። ሦስት። ስድሳ ሰው እግሩን ያያል። ኮላ በአገጩ ወደ ነጩ ቋጥኝ ጠቆም ያደረገ መሰለው። ፕሬላ ደግሞ ቆቡን አውልቆ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ሉላሽን የገደለው ይህ አንገት መድፋት ነው። አጠገቡ የቆመው ሰው በእሱ አምኗል፤ በባዶ ነገር አምኗል።

ቆመ። ድንጋዩን በሁለት እጁ ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አላውቀውም» አለ።

ሰው የሰማ አልመሰለም።

«ወሰኑን አላውቀውም። ያን ቀን ሆዴን አሞኝ ከቋጥኝ ጀርባ ነበርኩ። ፕለም በልቼ ነበር። አላየሁም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ኮላ ፊቱ እንደ ኖራ ነጣ። «ደክሟቸው ነው» አለ። «አጎቴ፣ ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ውኃ አምጡላቸው።»

«አልደከመኝም። በሕይወቴ እንዲህ አልበረታሁም።»

«ታዲያ ማነው የሚያውቀው?» አለ ፕሬላ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ መጥፎ ምልክት ነው። «ማነው? ማንም ካላወቀ እንግዲህ የበረታ ያውቃል ማለት ነው።» ወንዶቹ ጠጋ ጠጋ አሉ። እጆች ወደ ወገብ ሄዱ።

ሉላሽ ዓይኑን የሚጥልበት ቢያጣ ወደ ታች አየ። ሴቶቹ ተዳፋቱ ሥር ነበሩ። የወንዶቹ ነገር ሲረዝምባቸው መጠበቅ ሰልችቷቸው፣ በየቦታቸው አንሶላቸውን ዘርግተው ሥራ ሊጀምሩ ተዘጋጅተዋል። የኡካይ ሴቶች በግራ፣ የሊካይ ሴቶች በቀኝ። በግራዎቹ መጨረሻ ላይ ድራኔ አለች፤ በቀኞቹ መጀመሪያ ላይ የፕሬላ ወንድም ሚስት የነበረችው ባል የሞተባት ዲላ አለች። በሁለቱ መካከል ጋሪ የሚያሳልፍ ያህል ቦታ ባዶ ነው። ማንም አልገባበትም። አንዲት ሴት አንሶላዋ በነፋስ ተገልብጦ ጫፉ እዚያ ሲያርፍ ፈጥና ሰበሰበችው።

«ድራኔ!» ብሎ ተጣራ። ሚስቱን በሰው ፊት በስሟ ጠርቶ ስለማያውቅ ሁሉም ዞር አለ። «ለምን ወደዚያ ፈቀቅ አትዪም? እዚያ ሸርበሉ ይበዛል።»

«የማንን ልጨድ?» አለች ድራኔ ከታች። «ያ የዲላ ነው።»

«ይኼ ደግሞ የድራኔ ነው» አለች ዲላ።

«መካከሉስ?»

«መካከሉ አይታጨድም» አለች ድራኔ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠየቃል በሚል ዓይነት። «እናትህ ናቸው ያሳዩኝ፣ የመጣሁ ዓመት። ከዚህ ቁጥቋጦ ወዲያ እጅሽን እንዳትዘረጊ አሉኝ።»

«እኔንም አማቴ» አለች ዲላ። «በማኅበሩ ጊዜ ኃላፊው ለምን ትዘላላችሁ እያለ ይጮህብን ነበር። እባብ አለ እንለዋለን። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እባብ አለ አልነው።» ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ።

ወንዶቹ እየተጋፉ ወረዱ። ሸርበል በየዓመቱ ሲታጨድ ቀጭንና ለስላሳ ሆኖ ያቆጠቁጣል፤ ሳይነካ የከረመ እንደሆነ ግን ግንድ ያወጣል። እዚያ መካከል ያለው እንደ ክንድ የወፈረ፣ ቅርፊቱ የተሰነጣጠቀ፣ የተጣመመ እንጨት ነበር። መስመሩ ከሥር ተነሥቶ እየጠመዘዘ እስከ አናቱ ድረስ ይወጣል። ስንት ዓመት በላዩ ላይ ተራምደን ተጣልተንበታል፤ አንዳችንም ቁልቁል አላየንም።

አንድ ሊካይ፣ «የሴት ቃል ወሰን ይሆናል እንዴ?» አለ። ፕሬላ ጎንበስ ብሎ አንዱን ግንድ በሁለት እጁ ያዘና ጎተተው፤ ያ ግዙፍ ሰው ፊቱ እስኪቀላ ጎተተው። ንቅንቅ አላለም።

«ይኼ የአንድ ሰው ዕድሜ አይደለም» አለ ቀና ብሎ። «ወሰኑ ይኼ ነው።»

መስመሩ ከነጩ ቋጥኝ በጣም ይርቃል። ከመቶው እርምጃ ለኮላ የደረሰው አርባ ነው። ሉላሽ መያዣዎቹን ከኪሱ አውጥቶ ለፕሬላ ቆርቆሮውን፣ ለኮላ ሰዓቱን ሲመልስ ኮላ ጠጋ ብሎ፣ «ዝም ብለው ቢሄዱበት እኮ እስከ ቋጥኙ የኛ ነበር» አለው። «ማንም አይጠይቅዎትም ነበር።»

«እሱስ ልክ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም ነበር» አለ ሉላሽ። ኮላ ሰዓቱን ሳያስር በኪሱ ከቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቱን በመንገድ ሲያገኘው ቆቡን አያነሣም። መንደሩም ኡርት የሚለውን ቃል ከሉላሽ ላይ ወሰደ፤ ለማን እንደሚሰጠው ገና አልወሰነም፤ ለሴት ይሰጥ የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ከሰዓት በኋላ ሉላሽና ድራኔ ቁልቁል ወረዱ። እሷ ሙሉ አንሶላ ሸርበል ጀርባዋ ላይ ጭናለች፤ እሱ ድንጋዩ የላጠውን ትከሻውን ይዟል። ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው የተናገረው።

«አራት ቀን ሙሉ ስዞር እያየሽ። ለምን አልነገርሽኝም?»

ድራኔ አልቆመችም። «ፕሬላን ጠየቅከው» አለች። «መምህሩን ሦስት ሰዓት ሄደህ ጠየቅከው። ድንጋዩን ሳይቀር ስትጠይቀው ዋልክ። እኔ በረንዳው ላይ ባቄላ እየፈለፈልኩ ነበርኩ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ ነበር፤ የዛሬ ቁጣ አልነበረም። ሉላሽ የለመደውን ዝምታ ዝም አለ። ከዚያ ይህ ዝምታ ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ገባውና አፈረ፤ ስድሳ ሰው ፊት ካፈረው በላይ አፈረ።

«ሌላስ?» አላት።

«ሌላስ ምን?»

«ሌላስ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት ምን አለ?»

ድራኔ ጭነቷን ወደ ላይ አስተካከለች።

«ከየትኛው ዓመት ልጀምርልህ?» አለችው።